ራሴን እየነቀነቅሁ ያለፍኳቸው ዛፎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ኃላፊው ስለ ታታሪነቴ ከወረቀት ላይ አነበበ። ታታሪ መሆኔ ውሸት አይደለም። እኔ የረገጥኩትን ያህል የካፋ ጭቃ የረገጠ ቀያሽ አለ ብዬ አላምንም። ንግግሩ አልቆ ለስላሳው ሲከፈት ግን በቅርቡ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት ቀያሽ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "እትዬ ተዋበች፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ካፊኖኖ መልመድ የግድ ነው? ሰዉ ሁሉ አማርኛ ይችል የለም እንዴ? እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር መጠየቄ አይቀርም" አለኝ።

"እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የመጣሁት" አልኩት። በዙሪያችን ያሉት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጣጥፍ ግን ራሴን ታዘብኩት። ለዚያ ልጅ የምነግረው ነገር ነበረኝ፤ በሳቅ ሸኘሁት። ያን ዕለት ያልነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው። ረዘመብኝ የሚል ካለ ይተወው፤ እኔ ከእንግዲህ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ቅየሳ ስማር በክፍላችን ሴቶች ሦስት ብቻ ነበርን። ምደባው ሲወጣ አባቴ ካርታ ዘርግቶ ቦንጋን በጣቱ ፈለገና፣ "ከጅማም ያልፋል" አለ። እናቴ ሹራብ በሹራብ አድርጋ ላከችኝ፤ አንዱንም እዚያ ሳልለብሰው ብል በላው። አውቶቡሱ ቦንጋ ያደረሰኝ በዝናብ ነው፤ የወረድኩትም በዝናብ፤ በመጀመሪያው ወር ፀሐይ ማየቴን አላስታውስም። ደመወዙ ትንሽ፣ የውሎ አበሉ የሚዘገይ ነበር፤ ይሄ የሁላችንም ስለሆነ አላማርርበትም። በየዓመቱ የዝውውር ቅጽ እሞላለሁ፤ በየዓመቱም "ክፍት ቦታ የለም" የሚል መልስ ይመጣል። ልሄድ ነው እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። የቤት ዕቃ እንኳ ረከስ ያለውን ነበር የምገዛው፤ ጥዬው ለምሄደው ምን አደከመኝ እያልኩ።

ቋንቋውን አለመልመዴም ከዚያው ነው የመጣው። ለነገሩ ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም ሁሉም ተባብሮ ነው ያስቀረኝ። እዚህ አገር አንድ ጨዋነት አለ። ባልደረቦቼ ሻይ ክበብ ተቀምጠው በራሳቸው ቋንቋ ሲጫወቱ እኔ ስገባ ወሬውን ከመሃሉ ቆርጠው ወደ አማርኛ ያዞሩታል። ቀልድ እየተነገረ ከሆነ ቀልዱ በአማርኛ ይጨረሳል፤ አይጥምም፤ ግን ይጨረሳል። እንግዳ በማይሰማው ቋንቋ ማውራት ነውር ነው። እኔም በዓመታት ብዛት ይሄን ክብር እንደ መብቴ ቆጠርኩት። ስገባ ወሬው ካልዞረ ቅር ይለኝ ጀመር።

ከሌላ አገር የመጣነው ሠራተኞች አንድ ግቢ ተከራይተን ነበር። ቋንቋውን በተመለከተ ሁላችንም የየራሳችን ምክንያት ነበረን። አንዱ ከባድ ነው ይላል፤ ሞክሮት አያውቅም። አንዷ አስተማሪ ደግሞ ከልቧ ሞክራ ነበር፤ ገበያ ወጥታ በካፊኖኖ ስትጠይቅ ሻጮቹ በአማርኛ እየመለሱላት ሰለቻት፤ ተወችው። እኔ አማርኛ ለሥራዬ በቂ ነው እል ነበር። የአገሩ ሰዎችም ቢሆኑ አላበረታቱንም። መዝገብ ቤት የነበረው አቶ ምትኩ የቦንጋ ተወላጅ ነው፤ አንድ ቀን "እግዜር ይስጥልኝ" እንዴት እንደሚባል ብጠይቀው፣ "ተይው እባክሽ፣ ምን ያደርግልሻል? እኔ ራሴ ልጆቼን ቤት ውስጥ በአማርኛ ነው የማናግራቸው፤ ኋላ ከትልቅ ቦታ እንዳይቀሩ" አለኝ። ዛሬ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት በካፊኖኖ ሲያነቡ ይሰማና፣ የራሱ ልጆች ግን ለልጆቻቸው መመለስ ሲያቅታቸው ያያል። ይሄን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከሁላችን የተለዩት ጋሽ ኃይሉ ብቻ ነበሩ። የቡድናችን መሪ ናቸው፤ ከወሎ የመጡ፤ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት በካፋ የኖሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኮምፓስ ሲያነቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በሜትር የተለካን ነገር ተመልሰው በእርምጃቸው ይለኩታል፤ ሁለቱ ካልተቀራረቡ ከመነሻው ይጀምራሉ። የመስክ ደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቁጥር አይጽፉም፤ እዚያ የሚሰፍረው የሰው ስም ነው፤ ማን እንደመራቸው፣ ማን ቤት ውሃ እንደጠጡ፣ ማን እንደተቃወመ። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይዙም። አንድ ሽማግሌ መናገር ከጀመረ የኮምፓሱን ክዳን ቀጭ አድርገው ይዘጉትና መሬት ይቀመጣሉ። ዝናብ ቢመጣም አይነሱም።

ካፊኖኖአቸው ግን ያስቅ ነበር። የወሎ ቅላጼያቸው አልለቀቃቸውም፤ ሕፃናት ይከተሏቸውና ይደግሙባቸዋል። እሳቸው አያፍሩም። የተነገራቸውን ነገር በተሰባበረ ቋንቋቸው መልሰው ይናገሩታል፤ ተናጋሪው ይስቅና ያርማቸዋል፤ እንደገና ይናገሩታል፤ እንደገና ይታረማሉ። እኔ ኮምፓሱን ይዤ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ።

"ጋሼ፣ ለምን አስተርጓሚ አይዙም? ግማሽ ቀን እኮ ሄደ" አልኳቸው አንድ ጊዜ።

"አስተርጓሚው የሚያስፈልገኝን ይነግረኛል" አሉኝ። "እኔ ግን ሰውየው ለመናገር የፈለገውን ነው የምፈልገው። ሲያርሙኝ ደግሞ መጀመሪያ ያላሉትን ጨምረው ይነግሩኛል።"

እሺ አልኩ። ሥራ የሚያስረዝም የሽማግሌ አመል ነው ብዬ አለፍኩት። ቴክኒኩን ሁሉ ከእሳቸው ተምሬ ይቺን ብቻ ተውኳት።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ብዙ ጊዜ ላለመምጣት ስዞር ኖሬያለሁ።

ሰኔ ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል። ከሺሺንዳ በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ ወረድ ብሎ ባለ አንድ መንደር የእርሻውንና የደኑን ወሰን ለክተን ካርታ ማስገባት ነበረብን። ጋሽ ኃይሉ እግራቸውን ታመው ጅማ ሐኪም ቤት ሄደዋል። "ይቆይልኝ" ብለው ነበር። ኃላፊው አይቆይም አለ። እኔም ብሆን ብቻዬን እንደምችል ማሳየት ፈልጌ ነበር፤ ይሄን በሌላ ሰው ላይ አላላክክም።

ወሰኑን እንዲመሩኝ ቀበሌው የሰጠኝ ሰው አቶ አደሎ ይባሉ ነበር። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ የማይሰሙ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ኖረዋል፤ መዳፋቸው በገመድ ተገዝግዟል። በካፋ ጫካ ቀፎ የሚሰቀልባቸው ዛፎች ባለቤት አላቸው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ነገር ግን ይሄኛው ክፍል የእገሌ ኮቦ ነው ከተባለ ሌላ ሰው እዚያ ቀፎ አይሰቅልም። አባት ለልጅ ያወርሰዋል፤ ለወንድ ልጅ። በወረቀት የተጻፈ አይደለም፤ አገሩ ግን ያውቀዋል። እኔም በወሬ ደረጃ አውቀው ነበር። ቅጻችን ላይ ለኮቦ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ሥራው እንዲህ ነው። እኔ ኮምፓሱን ይዤ አንድ ነጥብ ላይ እቆማለሁ፤ ሜትር ጎታቹ ጫፉን ይዞ ቁጥቋጦውን እየጣሰ እስከሚቀጥለው ነጥብ ሃምሳ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ እኔና አቶ አደሎ ብቻችንን ነን። ወሰኑ ገደሉን ተከትሎ ስለሚሄድና ነጥቦቹም ትልልቅ ዛፎች ስለሆኑ ከዛፍ ወደ ዛፍ ነበር የምንሄደው፤ ቀራሮ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። አናታቸው ላይ ቀፎ ይታያል።

የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ስንደርስ አቶ አደሎ ቆሙ። አማርኛቸው የገበያና የግብር አማርኛ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይደክማቸዋል። ትንሽ አዩኝና፣ "ካፊኖኖ ትሰሚያለሽ?" አሉኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ አልሰማም ማለት አሳፈረኝ። "ትንሽ ትንሽ" አልኩ።

ውሸት ነበር። ሰላምታና የዕቃ ዋጋ ካልሆነ በቀር የማውቀው አልነበረም። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉና በካፊኖኖ ተናገሩ። ረጅም አይደለም፤ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ጨርሰው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም ከዋሸሁ በኋላ ምን ላድርግ? "እሺ" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ያኔ እጃቸውን ከግንዱ አነሱና ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄዱ።

እዚያም እንደዚያው አደረጉ። እጅ ግንዱ ላይ፣ ንግግር፣ ዝምታ፣ ዓይኔን ማየት። እኔ እስክነቀንቅ ከዛፉ አይነሱም። የዛፉን ስም የሚነግሩኝ፣ የማሩን ታሪክ የሚያወሩልኝ መሰለኝ። በየመሃሉ እኔ ወደ ደብተሬ አጎንብሼ የነጥቡን ቁጥር፣ አቅጣጫውን፣ ርቀቱን እጽፋለሁ። ስጽፍ ደስ ይላቸዋል። ጽፌ እስክጨርስ ይጠብቁኛል።

አሥራ ዘጠኝ ዛፍ ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ ዝናቡ ጀመረ። አቶ አደሎ እዚያ ዛፍ ሥር ከሌሎቹ የበለጠ ቆዩ፤ ድምፃቸውም ተቆራረጠ። ትዕግሥቴ አለቀ። አላቋረጥኳቸውም፤ አስተዳደጌ አይፈቅድም። ይልቁንስ እየነቀነቅሁላቸው ደብተሬ ላይ፣ በአስተያየት ዓምዱ ውስጥ፣ አንድ መስመር ጻፍኩ። የጻፍኩትን ወደፊት እነግራችኋለሁ።

ሲያልቅ አቶ አደሎ ሁለቱንም እጆቼን ያዙ። "ዛሬ ቀለለኝ" አሉ በአማርኛ። ዳገቱ ማለቁን የነገሩኝ መስሎኝ "እኔም" አልኳቸው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ማር ሰጡኝና ተለያየን። ካርታው በጊዜው ገባ፤ ኃላፊው አመሰገነኝ።

ከመስቀል በኋላ አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯ ተላጭቷል። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"እርስዎ ነዎት ከአባቴ ጋር ጫካውን የለኩት? የአደሎ ልጅ ነኝ። ውቢት እባላለሁ" አለች።

ደስ ብሎኝ እንዴት ናቸው ልል ስል ልብሷን አየሁ።

ታሪኩን ቀስ ብላ ነገረችኝ። አቶ አደሎ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ዋጫ ከተማ ይነግዳሉ፤ ጫካ ከገቡ ዓመታት አልፈዋል። ውቢት ከባሏ ተፋትታ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ ገመድ እየያዘችላቸው፣ ቀፎ እያጠነች፣ ማር እያወረደች አብራቸው ሠርታለች። ለሴት ኮቦ ማውረስ ልማዱ አይደለም። ይሄን በዘመድ ፊት ቢናገሩ ጠብ ይነሳል፤ ሳይናገሩ ቢሞቱ ደግሞ ልጅቷ ባዶ እጇን ትቀራለች። ሲጨነቁ ኖረው አንድ ቀን መፍትሔ አገኘሁ ብለው ገቡ።

"የመንግሥት ደብተር የያዘች ሴት መጥታለች አለ" አለችኝ። "ሴት ሆና ጫካ ለጫካ የምትዞር ናት አለ። እያንዳንዱን ዛፍ ነግሬያታለሁ፤ የትኛው የወንድሞችሽ፣ የትኛው ያንቺ እንደሆነ፤ ለምን እንደሆነም ነግሬያታለሁ፤ በየዛፉ ተቀብላኛለች፤ ጽፋዋለችም አለ። ሽማግሌዎቹ እሷን አምጫት ብለውኛል፤ የሷ ቃል ከመጣ ይፈጸማል ብለዋል።"

እዚህ አገር ነገር የሚነገረው ሰው ራሱን ሲነቀንቅ መስማቱን ብቻ መግለጹ አይደለም። ምስክር ነኝ ማለቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ምስክር ሆኜ ነበር።

እመጣለሁ ብዬ ሸኘኋት። ጋሽ ኃይሉ ከሕክምና ተመልሰው ነበር፤ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ስንተኛው ዛፍ ላይ ነው ድምፃቸው የተቆራረጠው?" አሉኝ።

"አሥራ አራተኛው።"

"ከዚያ ጀምሮ ያለው የልጅቷ ይመስለኛል" አሉ፤ ወዲያው ግን ራሳቸውን ነቀፉ። "መሰለኝ ነው እንግዲህ። መሰለኝ አይመሰከርም።"

እኔ ግን መንገድ ላይ ወስኜ ነበር የመጣሁት። "ጋሼ፣ ውቢት የኔ ነው የምትለውን ዛፍ ለውቢት ነው ብለዋል ብዬ ልመስክር። እሳቸው የፈለጉት ይሄንኑ እኮ ነው፤ ልጅቷ አትዋሽም። ማን ያውቅብኛል?"

"ቃሉን ይጠይቁሻል፤ ተዋቡ። ምን ብሎ፣ በየትኛው ዛፍ ላይ፣ እጁን የት አድርጎ። ወንድሞቿ በካፊኖኖ ይጠይቁሻል። ያኔ ውሸታም ምስክር ይዛ መጣች ይባላል፤ ከዛፉ ሌላ ስሟንም ታጣለች። የሰማሽውን ብቻ ነው የምትመሰክሪው።"

"የሰማሁት ነገር የለም።"

"እሱንም መመስከር ይቻላል" አሉኝ። "እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በሟቹ ግቢ፣ እንሰቱ ሥር ነው። ሁለቱ ወንድሞች ከዋጫ መጥተዋል። ውቢት ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ቆማለች። ጋሽ ኃይሉ በዱላቸው እያነከሱ አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ስገባ ወሬው ሁሉ ወደ አማርኛ ዞረ፤ በለቅሶ ቤት፣ በራሳቸው ጉዳይ፣ ለእኔ ብለው። ያን ዕለት ያ ጨዋነት ፊቴን ለበለበኝ።

ዋናው ሽማግሌ በትሕትና ጠየቁኝ። "እመቤት፣ አደሎ ነግሬያታለሁ ብሎናል። ምን አለሽ?"

"ተናግረዋል" አልኩ። "በየዛፉ ተናግረዋል። እኔ ግን ቋንቋውን አልሰማም። እሰማለሁ ያልኳቸው አፍሬ ነው። ራሴን የነቀነቅሁት ሳልሰማ ነው።"

ከወንድሞቿ አንዱ እንኳ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው በትክክል የሰሙኝ ስላልመሰላቸው በካፊኖኖ ጋሽ ኃይሉን ጠየቋቸው፤ ጋሽ ኃይሉ በተሰባበረ ቋንቋቸው መለሱ። ያን ቀን ሕፃናቱ እንኳ አልሳቁባቸውም።

"ደብተሩስ?" አሉ ሽማግሌው። "ስትጽፊ እንዳየሽ አደሎ ነግሮናል። የጻፍሽውን አንብቢልን።"

ደብተሩን ከፈትኩ። ነጥብ አንድ፣ አቅጣጫ፣ ርቀት። ነጥብ ሁለት፣ አቅጣጫ፣ ርቀት። ቁጥር ብቻ። ሰዉ እያንዳንዱን ቁጥር አንገቱን አስግጎ ይሰማል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ የአደሎ ቃል የሚመጣ እየመሰለው። አሥራ አራት ላይ ደረስኩ። ዘልዬው ማለፍ እችል ነበር፤ ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ኃይሉን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። አነበብኩት።

"ነጥብ አሥራ አራት። አስተያየት፦ መሪው ወሬ ያበዛሉ፤ ሥራ ዘግይቷል።"

ውቢት አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ እጇን አፏ ላይ አደረገችና አወረደችው።

ቃል ስላልተገኘ እንደ ልማዱ ሆነ። አሥራ ዘጠኙም ዛፍ ለወንድሞቿ ተባለ። እነሱም ዋጫ ሆነው ጫካ ስለማይገቡ ለጎረቤት ሰጡት። ስንወጣ ውቢት እስከ በሩ ሸኘችኝ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመው መጥተውልኛል" አለችኝ፤ በአማርኛ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት እያልኩ እስከ ሺሺንዳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጋሽ ኃይሉ በበቅሎ ከኋላዬ ይመጣሉ።

በዚያ ዓመት የዝውውር ቅጽ አልሞላሁም። ከዚያም በኋላ አልሞላሁም።

ቋንቋውን የተማርኩት በማርጀቴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ምላስ እሺ አይልም። መጀመሪያ ያደረግሁት ወደ ሻይ ክበቡ ሄዶ መለመን ነበር። "እኔ ስገባ ወሬውን አታዙሩት" አልኳቸው። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ ለእነሱ ግን ከባድ ሆነባቸው። አቶ ምትኩ፣ "እንዴት አድርገን? የረሳንሽ ይመስለናል" አለኝ። ወር ሙሉ ይጀምሩና ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ ምላሳቸው ይዞራል። ቀስ በቀስ ለመዱት። እኔም ለወራት ከጠረጴዛው ዳር ምንም ሳይገባኝ ተቀመጥኩ። ሳይገባኝ ስቀር ራሴን አለመነቅነቅን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ከቋንቋው ይልቅ የከበደኝም እሱ ነበር። ፊት ለፊት "አልገባኝም" ማለት፣ አምስተኛ ጊዜ፣ አሥረኛ ጊዜ።

ጋሽ ኃይሉ ጡረታ ወጥተው ወደ ወሎ እስኪመለሱ ድረስ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፤ "ትናንት ምን ሰማሽ?" ይሉኛል። የሰማሁትን በካፊኖኖ እናገራለሁ፤ ያርሙኛል፤ የእሳቸው እርማት ራሱ ስህተት ስለሆነ አቶ ምትኩ ሁለታችንንም ያርመናል። ሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ከእሳቸው የቀረኝ ነገር ቢኖር የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥር ጽፌበት አላውቅም።

ሥራዬም ተቀየረ። አንድ ጊዜ ማንኪራ አካባቢ ወሰን ስንለካ መሪያችን ወደ አንድ ምንጭ ዳር ወሰደን፤ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ሲያልፉ እርስ በርሳቸው ወሰኑ ከምንጩ ማዶ እንደሆነ አወሩ። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ቢሆን ኖሮ የወፍ ድምፅ ያህል ነበር የምሰማው። ኮምፓሱን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን አንድም ነጥብ አልለካንም፤ ሴቶቹና መሪው ግን ተነጋግረው ተስማሙ። ይሄን ለመመጻደቅ አልጻፍኩትም። ማንኪራ ላይ የዳነው ምንጭ የአደሎን ልጅ ዛፎች አይመልስም።

ውቢትን በእነዚህ ዓመታት ሺሺንዳ ገበያ ላይ አገኛት ነበር። ሰላም እንባባላለን። ጓሮዋ ውስጥ የሳጥን ቀፎ አስቀምጣ ማር ትሸጣለች፤ ልጅም አሳድጋለች። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ጡረታ ከወጣሁ በሳምንቱ ግን ከቦንጋ ተነስቼ ቤቷ ሄድኩ።

ጓሮ ነበረች። ቁጭ አልን። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳዘጋጀው የኖርኩትን በካፊኖኖ ነገርኳት። አባትሽ ትሰሚያለሽ ወይ ሲሉኝ ዋሽቻቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜ አልሰማም ብል ኖሮ ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ዛፎችሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አልኳት። አላረመችኝም። ተሳስቼ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ወደ ንቦቹ ዞረች።

"ያን ዕለት አባቴ ሲገባ አላየሽውም" አለችኝ። "ዝናብ ደብድቦታል፤ ግን ይስቃል። እሳት ዳር ተቀመጠና፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው አናግሬያለሁ፤ ወንድሞቼን፣ ልጆቼን፣ ሽማግሌዎቹን፤ እንደዚያች ሴት አድርጎ ያዳመጠኝ ሰው የለም አለ። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችኝም አለ። እስኪሞት ድረስ በዚያው ደስ እንዳለው ነበር። እኔ እንግዲህ ይሄን ልንገራት ወይስ አልንገራት እያልኩ ነው የኖርኩት።"

የነገረችኝ በካፊኖኖ ነው። ቀስ አላለችልኝም፤ ለቤተሰብ በሚወራበት ፍጥነት ነው የተናገረችው። አንድም ቃል አላመለጠኝም።